ከፕላን ወደ ቤርጋ፦ የአርማታ ብረት አቆጣጠር



አንድ መምህር ተመድቦ ገጠር ሲገባ ሥራው በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ብቻ እንደማይወሰን ከእኛ በፊት ያለፉት ሁሉ ሲነግሩን ኖረዋል። ማመልከቻ ይጽፋል፤ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ወሰን ሲያጣላ ሜትር ይዞ ይለካል። ሕዝቡ ገንዘቡንና ጉልበቱን አዋጥቶ ተጨማሪ መማሪያ ክፍል ለመሥራት የተነሣ ዕለት ደግሞ ጣት ሁሉ ወደ እሱ ይቀሰራል። «መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይህን ወረቀት እስቲ ያንብቡልን» ይባላል። ወረቀቱ የሕንፃ ፕላን ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፤ ስንት ብረት እንግዛ?

እኛም በዲማ አካባቢ ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ የደረሰብን ይኸው ነው። የአንድ ትምህርት ቤት የሕንፃ ኮሚቴ ፕላኑን አምጥቶ ለመሠረቱ የሚያስፈልገውን ባለ 12 ብረት አስሉልን አለን። ተሰብስበን አሰላን፤ 21 ቤርጋ ነው አልን። ማባዛታችንም ማካፈላችንም ትክክል ነበር። ብረቱ ግን ጎደለ። እንዴት እንደ ጎደለ በቦታው እንመለስበታለን፤ ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ የገፋፋንም እሱ ነው።

ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ አገር መሆኑን ለዚህ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አድባራት አንዱ ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ይፈልጋል። የፕላንም ነገር ከዚያ ብዙ አይርቅም። ወረቀቱ ላይ የሚታየው የግድግዳና የምሰሶ መስመር ነው፤ ብረቱ ያለው በጥቃቅኑ ጽሕፈትና በቁጥሩ ውስጥ ነው። ምሳሌውን ግን ከዚህ በላይ አንገፋውም፤ ቅኔ ሁለት ትርጉም ሲኖረው ያምርበታል፤ ፕላን ሁለት ትርጉም ከተገኘበት ወደ ሠራው መሐንዲስ መመለስ አለበት።

ብረቱ ለምን ይገባል?

አንድ ጠመኔ ወስዳችሁ ጫፍና ጫፉን በሁለት ጣት መካከል ተጫኑት። በቀላሉ አይሰበርም። ያንኑ ጠመኔ በሁለት እጅ ይዛችሁ ጎንበስ አድርጉት፤ ቀጭ ይላል። ኮንክሪትም እንደዚሁ ነው። ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ከመጫን ጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል እንኳ አይኖረውም። ከላይ የተጫነ ቢም ወደ ታች ሲጎብጥ የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ የታችኛው ፊቱ ይሳባል። ስለዚህ በመካከሉ ዋናው ብረት ከታች ይደረጋል፤ ምሰሶው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ጉብጠቱ ስለሚገለበጥ ከላይ ይደረጋል። ፉቲንግ፣ ማለትም በምሰሶው እግር ሥር ያለው ሰፊ አርማታ፣ አፈሩ ከታች ወደ ላይ ስለሚገፋው እንደ ሣህን ሊታጠፍ ይሞክራል፤ የሚሳበውም ታችኛው ፊቱ ስለሆነ የብረቱ መረብ ከታች ይነጠፋል።

ይህን ማጣመር ካስጀመሩት አንዱ ዮሴፍ ሞኒየ የሚባል ፈረንሳዊ አትክልተኛ ነበር። በ1867 (እ.ኤ.አ.) የባለቤትነት መብት ያገኘው በብረት ሽቦ ለተጠናከረ የአበባ ተከላ ዕቃ ነው። ወደ እኛ አገር ሥራ ቦታ የገቡት ቃላት ግን ጣሊያንኛ ናቸው። ፌሮ ብረት ማለት ነው፤ አርማታ የታጠቀ እንደ ማለት ነው፤ ስታፋና ሶሌታም ከዚያው የመጡ ናቸው። ከዚህም የተነሣ ኮንክሪት ሁሉ አርማታ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ዋና አካል ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ በሮለር የተጠቀጠቀ ኮንክሪት ነው፤ ውኃውን የሚገታው በክብደቱ እንጂ በብረት መረብ አይደለም። የትምህርት ቤታችን ቀጭን ምሰሶ ግን እንዲህ ያለ ክብደት የለውምና ብረቱ ሲጎድል ጉልበቱም ይጎድላል።

ወረቀቱን እንክፈት

ፕላን ሲባል አንድ ወረቀት አይደለም። በርና መስኮቱን የሚያሳየው የአርክቴክቸር ሥዕል ነው፤ ብረት ለመቁጠር አይረዳም። የምንፈልገው የስትራክቸሩን ነው። እሱም ሲገለጥ ሰው ሁሉ ዐይኑን ወደ ሥዕሉ ይወረውራል። መጀመር ያለበት ግን ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ በትንሹ ከተጻፈው ጠቅላላ ማስታወሻ ነው። የኮንክሪት ሽፋን ስንት እንደሆነ፣ ብረት ከብረት ጋር ሲደራረብ በምን ያህል ርዝመት እንደሆነ፣ የብረቱ ደረጃ ምን እንደሆነ የሚነግረው እሱ ነው። ሽፋን የምንለው ከብረቱ ፊት እስከ ኮንክሪቱ ፊት ያለውን ውፍረት ነው፤ ብረቱን ከእርጥበትና ከዝገት ይጠብቀዋል።

ሥዕሉ ላይ ያለው ልኬት በአብዛኛው በሚሊ ሜትር ነው። 1200 ማለት 1 ሜትር ከ20 ነው፤ 150 ማለት 15 ሣንቲ ሜትር ነው። ይህን የሳተ ሰው ቀሪው ሁሉ ይስትበታል። ማስመሪያ አንሥቶ ከሥዕሉ ላይ መለካትም አይገባም፤ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ወረቀት አንሶ ወይም ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። የተጻፈው ቁጥር ነው የሚታመነው።

የብረቱ ምልክት በመካከሉ ሰያፍ መስመር የተሰነዘረበት ክብ ነው። ከምልክቱ በፊት ያለው ቁጥር ብዛት ነው፤ ከምልክቱ በኋላ ያለው ውፍረት ነው፤ ሠራተኞች «ባለ 12፣ ባለ 14» የሚሉት። ከዚያ ቀጥሎ ሁለት የ«ሲ» ፊደላት በሰያፍ መስመር ተለያይተው ከተጻፉ፣ የሚከተለው ቁጥር ከአንዱ ብረት መካከል እስከ ሌላው ብረት መካከል ያለው ርቀት ነው። ብዛት ካልተጻፈና ርቀት ብቻ ከተጻፈ ብዛቱን ማውጣት የእኛ ሥራ ነው ማለት ነው።

ፉቲንጉ

ለምሳሌ የምንወስደው ሁለት መማሪያ ክፍል ያለው፣ 10 ምሰሶና 10 ፉቲንግ የተሣለለት ቤት ነው። ፉቲንጉ 1200 በ1200፣ መረቡ ባለ 12 በየ150፣ በሁለቱም አቅጣጫ፤ ሽፋኑ 50፤ የእያንዳንዱ ብረት ጫፍ 150 ወደ ላይ የታጠፈ።

ከ120 ሣንቲ ሜትር ላይ በግራም በቀኝም 5፣ 5 ይነሣል፤ 110 ይቀራል። 110 ለ15 ሲካፈል 7.33 ነው። ወደ 8 ክፍተት ከፍ እናደርገዋለን፤ ወደ 7 ዝቅ ብናደርገው ርቀቱ ከ15 ሊበልጥ ነው፤ መሐንዲሱ ደግሞ ከዚያ እንዳይበልጥ ነው የጻፈው። 8 ክፍተት የሚያስፈልገው 8 ብረት ሳይሆን 9 ብረት ነው። ይህችን አንዲት ብረት ስንቱ ረስቷታል! አጥር ያጠረ ሰው ግን አይረሳትም፤ ከመጀመሪያው ክፍተት በፊት አንድ ችካል ይቆማል። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ 9፣ በሁለቱ 18 ብረት።

የአንዱ ርዝመት 110 ሲደመር 15 ሲደመር 15፣ ይኸውም 1.40 ሜትር ነው። 18 ጊዜ 1.40 ለአንድ ፉቲንግ 25.2 ሜትር፤ ለአሥሩ 252 ሜትር። አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ነው። 252 ለ12 ሲካፈል፣ ያለ ምንም ቀሪ፣ 21።

እኛም እዚህ ላይ ደርሰን ነበር እርሳሳችንን ያስቀመጥነው። ምንም ቀሪ ሳይኖረው ሲካፈል እንዴት ደስ አይል!

ብረት ግን ጨርቅ አይደለም፤ ቁራጩን ከቁራጩ ሰፍቶ 1.40 ማድረግ አይቻልም። ከአንድ 12 ሜትር ብረት 1.40 የሆነ ስንት ይወጣል? 8 ይወጣል፤ እሱም 11.20 ሜትር ነው። 80 ሣንቲ ሜትር ብጣሽ ይቀራል። የሚያስፈልገን 180 ቁራጭ ነው፤ 180 ለ8 ሲካፈል 22 ተኩል፤ ስለዚህ 23 ቤርጋ። በሒሳብ ሰሌዳ ላይ 21፣ በብረት ቆራጩ ጠረጴዛ ላይ 23።

ከ21 ቤርጋ የወጣው 168 ቁራጭ ነበር። ዘጠኙ ፉቲንግ 162 ወሰደ። ለአሥረኛው የተረፈው 18 መሆኑ ቀርቶ 6 ብቻ ሆነ። ገና ኮንክሪት አልፈሰሰም ነበርና ፎርማኑ መላ አመጣ። «ርቀቱን 20 ሣንቲ እናድርገው፤ ለሁሉም ይዳረሳል» አለ። እውነቱን ነው፤ በ20 ሣንቲ ሜትር ቢነጠፍ ለአንድ ፉቲንግ 14 ብረት ይበቃል፤ ለአሥሩ 140፤ እንዲያውም 28 ቁራጭ ይተርፋል። ከ18 ወደ 14 መውረድ ግን ከመቶ 22 ያህሉን ብረት ማውጣት ነው። ኮንክሪት ከፈሰሰበት በኋላ ማንም አያየውም። የተመረቀ ዕለት አይታይም፤ በሁለተኛው ዓመትም አይታይ ይሆናል።

እኛ ዝም አልን፤ ጥፋቱ የእኛ ስለነበር ለመናገር አፈርን። ከኮሚቴው አንድ አዛውንት ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ወረቀቱ 15 ካለ 20 ያደረገው ማን ተብሎ ይጻፋል?» ብለው ጠየቁ። የሚፈርም አልተገኘም። ሁለቱ ቤርጋ ከቢቸና ታጥፎ በአይሱዙ ጫፍ ላይ መጣ፤ ለመኪናው የተከፈለው ከብረቱ ዋጋ በለጠ። የተዋጣው ደግሞ ጤፍ ተሸጦ ነበር።

ምሰሶው

የምሰሶው ሥዕል 250 በ250፣ ማእዘን ማእዘኑ ላይ 4 ባለ 14፣ ስታፋው ባለ 6 በየ150 ይላል። ከፉቲንጉ ግርጌ እስከ ላይኛው ቢም አናት ያለው ቁመት 4.80 ሜትር ነው። ይህ ቁመት በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ ከመሠረቱ ሥዕልና ከቁመት ሥዕሉ ተለቅሞ ይደመራል። ብዙ ሰው የሚስተው ከመሬት በታች ያለውን ነው፤ ከወለሉ ጀምሮ ይቆጥራል። በዋልካ መሬት መሠረቱ ጠለቅ ሲል የሚረሳውም ብረት አብሮ ይረዝማል።

ከታች 5፣ ከላይ 3 ሣንቲ ሜትር ሽፋን ይነሣል፤ 4.72 ይቀራል። ከታች መረቡ ላይ የሚቀመጥበት እግር 30 ሣንቲ፣ ከላይ ቢሙ ውስጥ የሚታጠፍበት 30 ሣንቲ ይደመራል፤ 5.32 ሜትር። (እግሩ መረቡ ላይ ስለሚያርፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ ለግዥ አይቆጠርም።) ከአንድ ቤርጋ 2 ይወጣል፤ 1.36 ይቀራል። 40 ብረት 20 ቤርጋ ነው። ጠቅላላ ርዝመቱን ለ12 ያካፈለ ሰው ግን 18 ይላል። «ለብክነት አምስት በመቶ ጨምርበት» የሚባለውም ልማድ እዚህ አያድንም፤ 19 ላይ ያደርሰናል እንጂ 20 አያደርሰንም።

ስታፋው ዋናዎቹን ብረቶች አቅፎ የሚይዝ ቀለበት ነው። ምሰሶ ሲጫን ቀጭኖቹ ብረቶች ወደ ውጭ ሊጎብጡ ይፈልጋሉ፤ የሚከለክላቸው እሱ ነው። ከ25 ላይ በየጎኑ 2.5 ሽፋን ሲነሣ 20 በ20 ይሆናል፤ ዙሪያው 80። ሁለቱ መንጠቆዎች 6፣ 6 ሣንቲ ሜትር፤ ጠቅላላ 92። መንጠቆው ወደ ኮንክሪቱ ሆድ መታጠፍ አለበት፤ ጫፉ ዝም ብሎ ከጎን ላይ የተኛ ስታፋ ጭነት ሲመጣ ይከፈታል። ብዛቱ 4.72 ለ0.15 ሲካፈል 31.5 ገደማ፣ ወደ 32 ከፍ ይላል፣ አንድ ይጨመራል፤ 33። ለ10 ምሰሶ 330። ከ12 ሜትር 13 ስታፋ ስለሚወጣ 26 ቤርጋ። ባለ 6 ብረት በጥቅል ከተገዛ ብጣሽ ብዙም አያሳስብም፤ 303.6 ሜትሩን ወደ ኪሎ መለወጥ ይበቃል።

ረጅሙ ቢም

እዚህ ላይ ተቃራኒው ችግር ይመጣል፤ ብረቱ ያጥራል። የቤቱ ርዝመት 16.25 ሜትር፣ ቢሙ ላይ 4 ባለ 12 ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ነው። ሽፋኑ ተነሥቶ 16.20፤ ጫፍ ጫፉ ላይ 20፣ 20 ሣንቲ እጥፋት፤ 16.60 ሆነ። 12 ሜትር አይበቃምና አንድ ቦታ መደራረብ አለ፤ ሠራተኞቹ ኦቨርላፕ የሚሉት። ማስታወሻው የብረቱ ውፍረት 50 ጊዜ ካለ፣ 50 ጊዜ 12 ሚሊ ሜትር 60 ሣንቲ ሜትር ነው። 16.60 ሲደመር 0.60፣ 17.20 ሜትር፤ አንድ ሙሉ ቤርጋና 5.20 ቁራጭ ማለት ነው። በሁለቱ ቢሞች 8 ብረት ስላለ 8 ሙሉ፤ ለ8ቱ ቁራጭ ደግሞ ከአንዱ ቤርጋ ሁለት እየወጣ 4፤ በድምሩ 12 ቤርጋ። ሲታሰርም አጭሩ ቁራጭ ለአንዱ ብረት በግራ፣ ለሌላው በቀኝ ይሁን፤ መደራረቢያው ሁሉ አንድ ቦታ ከዋለ ቢሙ እዚያ ቦታ ላይ ይደክማል።

ሚዛን

ነጋዴው በቤርጋ ይሸጥም በኩንታል፣ መምህሩ ሁለቱንም ማወቅ አለበት። አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7,850 ኪሎ ይመዝናል። የክብ ስፋት ለልጆች የምናስተምረው ሒሳብ ነው፤ በእሱ ብናሰላው አንዲት አጭር መንገድ ይሰጠናል፦ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል። የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣል። ባለ 12፣ 144 ለ162፣ 0.89 ኪሎ ገደማ። ባለ 14፣ 1.21። ባለ 8፣ 0.395። ባለ 6፣ 0.222። የአንድ ሙሉ ባለ 12 ቤርጋ 10.66 ኪሎ መሆኑን በቃላችሁ ያዙት፤ የፉቲንጉ 23 ቤርጋም 2 ኩንታል ከ45 ኪሎ ገደማ ነው።

ይህን የምንለው ለጌጥ አይደለም። ባለ 12 ተብሎ የሚሸጥ ብረት 11 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። 121 ለ162፣ 0.747 ኪሎ። አንዲት ሚሊ ሜትር ብትጎድል ከመቶ 16 ብረት ጎደለ። ሽንትር ያለውን ብረት በካሊፐር ለክቶ ማረጋገጥ ያስቸግራል፤ ሽንትሩ ያታልላል። የእህል ሚዛን ግን የማይገኝበት ገበያ የለም። አንዱን ቤርጋ አጥፎ መስቀል ነው፤ 10.66 ሊል የሚገባው 9 ኪሎ ካለ ነገሩ ታወቀ። በኩንታል የገዛ ሰው እንዲያውም ቤርጋው በዝቶ ሲያገኝ ይደሰታል፤ እያንዳንዱ ብረት ቀጥኖበት መሆኑን አያስተውልም። መረቡ ላይ 9 ብረት ተብሎ የተሣለው 9 ሙሉ ባለ 12 ነውና።

እንግዲህ የብረት ዝርዝር ስትሠሩ የተለመዱት ዓምዶች አሉ፤ የአካሉ ስም፣ ውፍረት፣ የአንዱ ርዝመት፣ ብዛት፣ ጠቅላላ ርዝመት፣ ክብደት። እኛ ከዲማ መልስ አንድ ዓምድ ጨምረናል፤ «ከአንድ ቤርጋ ስንት ይወጣል?» የሚል። ጠቅላላ ርዝመቱ ለክብደት ይጠቅማል፤ ለግዥ የሚያገለግለው ግን ይህ አዲሱ ዓምድ ነው። ብጣሹም ይጻፍ፤ 80 ሣንቲዋ መረቡን ከመሬት ከፍ አድርጎ ለመያዝ፣ 1.36ቱ ለመስኮት አናት ሊያገለግል ይችላልና፣ ፕላኑ ያንን ውፍረት ከጠየቀ።

ለልምምድ የተውነው አጭሩን ቢም ነው። ከውጭ እስከ ውጭ 6.75 ሜትር፣ 4 ባለ 12፣ በሁለቱም ዳር 25 ሚሊ ሜትር ሽፋን፣ የጫፍ እጥፋት 20፣ 20 ሣንቲ ሜትር፤ ሁለት ቢም። ስንት ቤርጋ ያስፈልጋል? ከእያንዳንዱ ቤርጋ የሚተርፈው ብጣሽስ ከረጅሙ ቢም 5.20 ቁራጮች ጋር ቢታይ ከ12ቱ ቤርጋ ላይ የሚቀነስ ይገኝ ይሆን? ሠርታችሁ በወረቀት አምጡልን፤ ትክክለኛውን አሠራር ከነአቆራረጡ በሚቀጥለው እትም በዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን።